ሃንስ ኩመርን የሚያውቅ አለ? ዕድሜውን ለኤረር ዝንጀሮዎች የሰጠው ፕሮፌሰር

ገደል_ለገደል፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ነገሩ ሲቆጨኝ ስለኖረ ነው። ስለ እንስሳት ጠባይ በተወራ ቁጥር ጄን ጉዶልና ቺምፓንዚዎቿ ይነሳሉ። ይገባታል፣ ደስም ይላል። ግን እሷ ታንዛኒያ ውስጥ ጎምቤ በገባችበት በዚያው በ1960 (እ.ኤ.አ.)፣ እኛው አገር፣ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በባቡር ሐዲዱ ዳር ባለችው ኤረር፣ አንድ ስዊዘርላንዳዊ ወጣት ገደል ሥር ተቀምጦ ዝንጀሮ ማየት ጀመረ። ሃንስ ኩመር ይባላል። በ1930 ዙሪክ ተወለደ፣ በ2013 አረፈ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ እንስሳት ማኅበራዊ ኑሮ የሚማር ሰው ስሙን ሳያገኝ አያልፍም። እኛ ግን ጨርሶ አናውቀውም ማለት ይቻላል።

ነገሩ ከለንደን ይጀምራል። በ1925 የለንደን መካነ አራዊት ውስጥ ሰው ሠራሽ ኮረብታ ተሠራና ሀማድሪያስ የሚባሉ (ኤረር ያሉት ዓይነት) መቶ ያህል ዝንጀሮዎች ተለቀቁበት። ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በኋላ ሴቶች ሲጨመሩ እልቂት ሆነ። ወንዶቹ ሲሻሙ ሴቶቹን እየጎተቱ፣ እየነከሱ ጨረሷቸው። ሶሊ ዙከርማን የሚባል ሳይንቲስት ይህን ተመልክቶ በ1932 መጽሐፍ አወጣ፤ የዝንጀሮን ማኅበር አስሮ የያዘው ወሲብ ነው አለ። ለብዙ ዓመታት ሰው ይህን አምኖ ኖረ።

ኩመርም የጀመረው ከመካነ አራዊት ነው። የዙሪኩ መካነ አራዊት ኃላፊ ሃይኒ ሄዲገር መምህሩ ነበር፤ እሱ ሥር ሆኖ እዚያ ያሉትን ሀማድሪያሶች ለዶክትሬቱ አጠና። እዚያ ያያቸው ግን እንደ ለንደኖቹ አልነበሩም። አንዲት ሴት ከሌላዋ ጋር ስትጣላ ዝም ብላ አትጋጭም። ሄዳ አውራው ፊት ትቀመጥና ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ ባላጋራዋን ታስፈራራለች። ባላጋራዋ መልሳ ብታስፈራራ የምታስፈራራው አውራውን ይመስልባታል። ሦስት እንስሳት የሚሳተፉበት ብልሃት ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያለው እንስሳ በወሲብ ብቻ ታስሮ ይኖራል? ኩመር ይህን አገራቸው ሄዶ ማየት አለብኝ አለና ፍሬድ ኩርት ከሚባል ጓደኛው ጋር ኢትዮጵያ መጣ።

ኤረር ላይ ያገኘው ማንም ያልጠበቀው ነበር። ማታ ገደሉ ላይ መቶም፣ አንዳንዴ ብዙ መቶም ዝንጀሮ ያድራል። ሩቅ ሆኖ ለሚያይ አንድ ትልቅ መንጋ ነው። ጠጋ ሲባል ግን መንጋው ጭፍራዎች አሉት፣ ጭፍራው ውስጥ ቤተሰቦች አሉ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አውራና ጥቂት ሴቶች ከነልጆቻቸው ነው። በኋላ ተማሪዎቹ በጭፍራና በቤተሰብ መሃል ሌላ እርከን አገኙ፤ የሚዛመዱ የሚመስሉ ወንዶች ያሉበት ጎሳ ማለት ነው። ለንደን ላይ የታየው እልቂት የዝንጀሮው ተፈጥሮ አልነበረም። የማይተዋወቁ እንስሳትን አንድ ቦታ አጭቆ፣ ይህን ሁሉ ዝምድና በጣጥሶ፣ ከዚያ ጠባያቸው ይህ ነው ማለት ነበር።

ኤረር፣ ድሬ፣ አዋሽ አካባቢ ያደጋችሁ ካላችሁ እስኪ የምታውቁትን ጻፉ።

የለገሃር_ልጅ፦

ወንድሜ ይህን ስላነሳህ እግዜር ይስጥህ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ በልጅነታችን በዚያ መስመር ብዙ ተመላልሰናል። እነዚህን ዝንጀሮዎች በደንብ አውቃቸዋለሁ። ወንዱ ትከሻው ላይ ብርማ ጎፈር ያለው፣ ፊቱ ቀላ ያለ፣ ኩራተኛ ነው። ሴቷ ግን ቡናማ ናት፣ መጠኗም የእሱን ግማሽ ብታክል ነው።

ማታ ማታ በመስመር ይመጣሉ። አንዱ አውራ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላው ተከታትለው። ገደሉ ጋ ሲደርሱ ወዲያው አይወጡም። ሜዳው ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ይቃመላሉ፣ ልጆቹ ይላፋሉ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን እርከን ፍለጋ ይወጣል። ያኔ ነው ጩኸቱ። መጀመሪያ የመቀመጫዬን እንዳለችው ዝንጀሮ ማለት ይህ ነው መሰለኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጠዋት ሲሄዱ ማን ነው የሚመራቸው? እኛ ልጆች ሆነን ትልቁ ነው ስንል አንዳንዱ ቀን ጎረምሳው ከፊት ሲሄድ እናይ ነበር።

ገደል_ለገደል፦

@የለገሃር_ልጅ በልጅነትህ ያየኸው ልክ ነው። ኩመርም ዋና ጥያቄው ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሁለት ወንዶች ነበሩ፣ አብረው የሚጓዙ። አንዱን ሰርኩም፣ ሌላውን ፓተር ብሎ ሰይሟቸዋል። ወጣቱ ሰርኩም ከፊት ሆኖ መንገድ ይጀምራል። ሽማግሌው ፓተር ከኋላ ነው። ወጣቱ ትንሽ ሄዶ ዞር ብሎ ያያል። ሽማግሌው ከተነሳ ጉዞው ይቀጥላል። ካልተነሳ ወጣቱ ሌላ አቅጣጫ ይሞክራል። አንዱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላው ይወስናል። የሚወስነው ደግሞ ከፊት የሚታየው አይደለም።

መላው ጭፍራ ሲነሳም እንዲሁ ነው። ጠዋት ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ አንዱ ወንድ ከነቤተሰቡ ወደ ሰሜን ጥቂት ሜትር ይወጣል፣ ይቀመጣል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ይወጣል። ተከታይ ያላገኘው ይመለሳል። የመንጋው ጠርዝ እየተዘረጋ፣ እየተሰበሰበ ይቆይና በመጨረሻ ሁሉም በአንዱ በኩል ይፈስሳል። ወንዶቹ ከመነሳታቸው በፊት አንዱ ሌላው ጋ ሄዶ ኋላውን አሳይቶት ፈጥኖ ይመለሳል፤ ኩመር ይህን እንደ ማሳወቂያ ነው ያየው። ከተማሪዎቹ አንዱ አሌክስ ስቶልባ በኋላ ያገኘው ደግሞ ይገርማል። ቤተሰቦቹ ቀን ምግብ ፍለጋ ይበታተናሉ፤ ቀትር ላይ ግን ጠዋት ሽማግሌዎቹ በተስማሙበት አቅጣጫ ያለው ውኃ ጋ ይገናኛሉ። ኩመር በዚያ ጊዜ በልኬት እንዳገኘው የቀን ጉዟቸው በአማካይ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ሄደው የሚገናኙበትን ያውቃሉ።

ሽማግሌ ወንድ ሴቶቹን በወጣቶች ከተነጠቀ በኋላም፣ ጎፈሩ ጠቁሮ፣ አካሉ ከስቶ፣ መንገድ ሲመረጥ ግን አሁንም ይሰማል። እኔ ከሥራው ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው።

ሁለተኛ_ዓመት_ባዮ፦

እኔ ባዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ ይህን ስም ክፍል ውስጥ አንድም ቀን አልሰማሁም፣ ተናደድኩ። እሺ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አውራው ሴቶቹን እንዴት ነው የሚይዛቸው? ደግሞ ያ ጠባይ አብሯቸው የተወለደ ነው ወይስ ሲያድጉ የለመዱት? መምህራኖቻችን ሁሌ "ሁለቱም ነው" ብለው ያልፉታል፤ ያ መልስ አያጠግበኝም።

ገደል_ለገደል፦

@ሁለተኛ_ዓመት_ባዮ እህቴ፣ ጥያቄሽ የኩመርን ምርጥ ሥራ ነው የነካው። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሀማድሪያስ ወንድ ሴቶቹ ርቀው እንዲሄዱ አይፈቅድም። አንዷ ወደ ኋላ ከቀረች ዞሮ ያፈጥባታል። ካልመጣች ሮጦ ማጅራቷን ይነክሳታል። አሁን ልብ በይ፤ የተነከሰች እንስሳ መሸሽ ነበረባት፤ እሷ ግን ወደ ነከሳት ትሮጣለች፣ ጥግ ጥጉን ትከተላለች። ሌሎቹ ዝንጀሮዎች እንዲህ አይደሉም። ሽቅብ፣ ደጋው በኩል የሚኖረው አኑቢስ ዝንጀሮ ዘንድ ሴት የምትኖረው ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር ነው። ወንዶቹ ናቸው ከመንጋ ወደ መንጋ የሚሄዱት። ወንድ ቢያጠቃት ትሸሻለች፣ አለቀ።

ኩመር በ1967 እና 1968 ከቫልተር ጎትዝና ከቫልተር አንግስት ጋር ተመልሶ መጣና በጣም ቀላል፣ ግን ደፋር ሙከራ አደረገ። አኑቢስ ሴቶችን ይዞ ሀማድሪያስ መንጋ ውስጥ ለቀቃቸው። ሀማድሪያስ ሴቶችን ደግሞ አኑቢስ መንጋ ውስጥ።

አኑቢሷ ሴት ገና እንደተለቀቀች አንድ ሀማድሪያስ ወንድ ያዛት። መጀመሪያ ሸሸች። አሳዶ ነከሳት። እንደገና ሸሸች፣ እንደገና ነከሳት። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ገባት፤ ሲያፈጥባት ወደ እሱ መሄድ ጀመረች። በዘሯ የማያውቀውን ኑሮ በአንድ ሰዓት ተማረችው። አኑቢስ መንጋ ውስጥ የተለቀቀችው ሀማድሪያስ ደግሞ የምትከተለው ወንድ ፈለገች። የሚጠብቃት፣ የሚነክሳት የለም። እሷም ብዙ ሳትቆይ መከተሉን ተወችው፣ እንደ አኑቢስ ሴት በራሷ መንገድ ሄደች።

ስለዚህ መልሱ "ሁለቱም ነው" ብቻ አይደለም። የሴቷ መከተል ትምህርት ነው። የወንዱ መጠበቅ ግን በደሙ ያለ ይመስላል። አንድ ጠባይ ብለን የምንጠራው ነገር፣ እኩሌታው በአንዱ ፆታ ውርስ፣ እኩሌታው በሌላው ፆታ ልምድ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ጥርት ያለ መልስ ከመስክ ሥራ አግኝቶ መመለስ የታደሉ ሰዎች ሥራ ነው። መምህራኖችሽ ደግመው "ሁለቱም ነው" ካሉሽ ይህን አንሺላቸው።

መምህር_ከኮምቦልቻ፦

ልጄ @ሁለተኛ_ዓመት_ባዮ፣ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ምሳሌ የምወስደው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከአዋሽ ነው።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሁለቱ ዝርያዎች ይገናኛሉ። ከወንዙ ወደ ላይ አኑቢስ ነው። ወደ ታች፣ ወደ በረሃው፣ ሀማድሪያስ ነው። መሃል ላይ ድቅሎች አሉ። ከኩመር ጋር የሠራው ኡሊ ናገል በ1973 ስለዚህ ድንበር ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ አሜሪካ የሚሠሩት ጄን ፊሊፕስ-ኮንሮይና ክሊፎርድ ጆሊ ለብዙ ዓመታት አጠኑት። ድቅሉ ወንድ ነገሩን ይጀምርና አይጨርሰውም። ሴት ይጠብቃል፣ ግን ወጥነት የለውም፤ እንዲህ ሲሆን እሷ ትሄድበታለች። የኩመር የልውውጥ ሙከራ የተናገረውን ተፈጥሮ ራሷ ወንዙ ዳር አስቀምጣዋለች።

ለምን እንዲህ ሆኑ ለሚለው ደግሞ አገሩን ማየት ነው። በረሃ ነው። ምግቡ የግራር አበባ፣ የግራር ፍሬ፣ እዚህም እዚያም የተበታተነ ሣር ነው። መቶ ዝንጀሮ አንድ ግራር ሥር ቢሰበሰብ ሁሉም ይራባል። ስለዚህ ቀን በትንንሽ ቤተሰብ መበተን ያዋጣል። ማታ ግን ነብር አለ። ከነብር የሚያድን ገደል በዚያ አገር ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ማታ ሁሉም አንድ ገደል ላይ ይሰበሰባል። ተሰብስበው እንዳይጫረሱ ደግሞ ወንዶቹ አንዱ የሌላውን ቤተሰብ ማክበር አለባቸው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ዝግመተ ለውጥ ጥርስና ክንፍ ብቻ ሳይሆን ጠባይም እንደሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገባቸዋል።

ጥያቄ_አለኝ፦

ሁላችሁም እያደነቃችሁ ነው፤ እኔ ግን የልውውጡን ሙከራ ሳነብ ደስ አላለኝም። አንዲትን እንስሳ ከእናቷና ከእህቶቿ ነጥሎ፣ ማታውቀው መንጋ ውስጥ ጥሎ፣ እስክትማር ድረስ ስትነከስ ቁጭ ብሎ መመዝገብ፣ ይህ ሳይንስ ነው ተብሎ መታለፍ አለበት? ሁለተኛው ነገር፣ ፈረንጅ መጥቶ በእኛ አገር አጥንቶ፣ ስሙ በእሱ አገር ይከብራል። እዚያ መንገድ የመሩት፣ ውኃ የቀዱት፣ ዝንጀሮዎቹ የሚያድሩበትን ያሳዩት የአካባቢው ሰዎች ስማቸው የት አለ?

ገደል_ለገደል፦

@ጥያቄ_አለኝ ሁለቱም ጥያቄዎችህ ተገቢ ናቸው፤ አንዱንም አላቃልላቸውም።

ስለ ሙከራው፦ ዛሬ የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች አሉ፣ ዛሬ ቢሆን እንዲህ በቀላሉ የሚፈቀድ አይመስለኝም። እኔም ስለ ሴቶቹ ሳስብ ይከብደኛል። ግን ይህ የተደረገበት ምክንያት አለ። ያኔ ብዙ ሰው እንስሳን የሚያየው ወይ እንደ ማሽን ነው፣ ወይ ደግሞ እንደ ለንደኑ ኮረብታ እንደ አውሬ ስብስብ። ኩመር የሴቷን የመማር ችሎታ፣ የወንዱን ራስን መግታት ማሳየቱ እንስሳት የሚከበሩበትን መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ራስን መግታት ስል ይህን ማለቴ ነው። ኩመርና ጓደኞቹ በ1974 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ሁለት የሚተዋወቁ ወንዶች ይወሰዳሉ። አንዱ ከአንዲት ሴት ጋር አጥር ውስጥ ይገባል። ሌላው አጠገብ ባለ ጎጆ ሆኖ ሩብ ሰዓት ያህል ያያቸዋል። ከዚያ እሱም ይገባል። ጉልበተኛው የገባው ቢሆን እንኳ አይነካትም። ፊቱን ያዞራል፣ ሰማይ ያያል፣ መሬቱ ላይ ጠጠር ይነካካል፤ እዚያ የሌለ ለመምሰል የማያደርገው የለም። ሴቷ ከማን ጋር እንደሆነች ሳያይ ከገባ ግን ይጣላሉ። በ1980 ደግሞ ከክርስቲያን ባክማን ጋር አንድ ነገር ጨመሩ። ተመልካቹ ወንድ የሴቷንም ምርጫ ያያል። ባሏን የምትወድ ከሆነ የበለጠ ይታቀባል። ማለትም የእሷ ፍላጎት ቦታ አለው።

ስለ አካባቢው ሰዎች፦ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የዚያ ዘመን የመስክ ጥናቶች የአካባቢውን ሰው እውቀት ይወስዱና ስሙን ወደ ኋላ ይተዋሉ። አፋሩ፣ ኢሳው፣ ኦሮሞው ዝንጀሮዎቹ የት እንደሚጠጡ፣ የት እንደሚያድሩ ከማንም በፊት ያውቅ ነበር። ይህ መጻፍ አለበት። እኛም እዚያ ያሉ ሽማግሌዎች ሳያልፉ መጠየቅ አለብን።

ሃና_ዙሪክ፦

እኔ እዚሁ ዙሪክ ነኝ። የመካነ አራዊቱን ያነሳችሁት ነገር ገረመኝ፤ ምክንያቱም ልጆቼን በየጊዜው እወስዳቸዋለሁ። አሁን እዚያ የስሜን ተራራ ተብሎ የተሠራ ቦታ አለ፣ የእኛ ጭላዳዎች ይኖሩበታል። ልጆቼ ለክፍል ጓደኞቻቸው "የእኛ አገር ናቸው" እያሉ ያሳያሉ። የኩመርን ታሪክ ግን አላውቅም ነበር።

ጭላዳና ሀማድሪያስ አንድ ናቸው እንዴ? ጭላዳዎቹም ሲያዩዋቸው አንድ ወንድና ብዙ ሴቶች ናቸው፣ ጎፈርም አላቸው።

መምህር_ከኮምቦልቻ፦

@ሃና_ዙሪክ እህቴ፣ ሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላሉ፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ጭላዳ በዓለም ላይ በእኛ ደጋ ብቻ ያለ ነው፤ ምግቡ ከሞላ ጎደል ሣር ነው። ጭላዳ ዘንድ ቤቱን የያዙት ሴቶቹ ናቸው። እናት፣ ልጅ፣ እህት አብረው ይኖራሉ፣ ወንዱ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል። ካልፈለጉት ደግሞ ይቀየራል። ሀማድሪያስ ዘንድ ሴቶቹን አንድ ላይ የያዛቸው ወንዱ ነው። እሱ ቢሞት ሴቶቹ ይበተናሉ። ውጪው አንድ የሚመስል ኑሮ በሁለት የተለያየ መንገድ ሊገኝ እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሁለቱም ደግሞ እኛው አገር!

የጭላዳውን በ1970ዎቹ ስሜን ላይ ያጠናው እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር ነው። ሰው በደንብ ይዞት ሊኖር የሚችለው ወዳጅ 150 ያህል ነው የሚለው ቁጥር የእሱ ነው። የእሱም ሐሳብ ሥሩ እነዚህ ሣር ጋጮች ናቸው።

ጣይፍ_ያለሁ፦

እኔ ሳውዲ ጣይፍ ነው የምሠራው። እዚህ አል ሀዳ መንገድ ላይ እነዚሁ ዝንጀሮዎች ሞልተዋል፤ ሰው መኪና አቁሞ ዳቦ፣ ሙዝ ይሰጣቸዋል። መጀመሪያ ሳያቸው የአገሬን ሰው ያገኘሁ ያህል ነው ደስ ያለኝ። እነዚህ ከእኛ አገር መጥተው ነው? ሰው አምጥቷቸው ነው?

ገደል_ለገደል፦

@ጣይፍ_ያለሁ ወንድሜ፣ ዝርያው አንድ ነው። የዘር ምርመራው እንደሚያሳየው ግን ሰው አላመጣቸውም፤ ነጋዴም መርከብም ሳይኖር፣ ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት በራሳቸው ነው የተሻገሩት። ኩመር ራሱ እዚያ ድረስ መጥቷል። ኤረር ላይ የነበረው የዙሪኮች ጥናት በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ምክንያት ቆመ። እሱ ግን ዝንጀሮውን አልተወውም። ከሳውዲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የዓረቢያዎቹን አጠናና በ1985 ከእኛዎቹ ጋር ያላቸውን የጠባይ ልዩነት አሳተመ። በሩ ሲዘጋ ቀይ ባሕርን ዞሮ በሌላ በኩል ገባ ማለት ነው።

ሰው ያሻገራቸውም አሉ፣ እነሱ ግን ወደ ግብፅ ነው። ጥንታዊ ግብፃውያን ይህን ዝንጀሮ ቶት የሚባለው አምላካቸው ምሳሌ አድርገው ያከብሩት ነበር፤ ሲሞትም አስክሬኑን ያደርቁት ነበር። ግብፅ ውስጥ ግን የዱር ዝንጀሮ አልነበረም። በ2023 የወጣ ጥናት ከአንዱ የደረቀ አስክሬን የተገኘውን ዘር መርምሮ መነሻው የጥንቷ አዱሊስ አካባቢ፣ የዛሬዋ ኤርትራ ጠረፍ እንደሆነ አሳይቷል። የአክሱም ወደብ! ኩመር ያጠናው እንስሳ ከሺዎች ዓመታት በፊት የንግድ ዕቃ ነበር።

ሁለተኛ_ዓመት_ባዮ፦

ይህን ሁሉ አንብቤ ዛሬ ሌላ ነገር መሥራት አቃተኝ። ጋሼ ገደል፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ኩመር ስለ ብልጠታቸው የጻፈው ነገር አለ? አንድ መምህር እንስሳ አያታልልም፣ ማታለል የሰው ነው ብሎናል።

ገደል_ለገደል፦

@ሁለተኛ_ዓመት_ባዮ አለ እንጂ! ይህቺን ለመምህርሽ ንገሪው።

አንዲት ሴት ሀማድሪያስ ተቀምጣለች። ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ግማሽ ሜትር ከፍታ ካለው ድንጋይ ጀርባ፣ አንድ ጎረምሳ ወንድ አለ። አውራው ከጎረምሳው ጋር ስትቃመል ቢያያት አይምራትም። ሴቷ አልተነሳችም። እንደተቀመጠች ቂጧን እየጎተተች፣ ትንሽ ቆማ፣ ደግሞ ትንሽ እየጎተተች፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጅታ ድንጋዩ ጋ ደረሰች። ከዚያ ጎረምሳውን መቀመል ጀመረች። አውራው ካለበት ሆኖ ጀርባዋን፣ ጅራቷን፣ አናቷን ያያል። እጇንና ፊቷን ግን አያይም። ጎረምሳውም አጎንብሷል፣ አይታይም። ለአውራው እሷ ዝም ብላ የተቀመጠች ናት።

ኩመር ይህን ጽፎ "አታላይ ናት" ብሎ አልጮኸም። ምን ሊያይ እንደሚችል አስባ ነው ወይስ ቀስ ማለት እንደሚያዋጣ ከዚህ በፊት ተምራ ነው፣ ሁለቱም ይቻላል። እኔ ከሥራው የማከብረው ይህን ጥንቃቄ ነው። በኋላ ሌሎች ሳይንቲስቶች በጦጣና ዝንጀሮ ላይ የማታለል ታሪኮችን ሲሰበስቡ ይቺ ሴት ዋና ምሳሌ ሆነች።

ስለ ፍቅርም የጻፈው አለ፣ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ጎረምሳ ወንድ ቤተሰብ የሚጀምረው ጎልማሳ ሴት ነጥቆ ብቻ አይደለም። ገና ልጅ የሆነች ግልገል ሴት ይወስዳል። ያቅፋታል፣ ገደል ስትፈራ ጀርባው ላይ ያሻግራታል፣ ልክ እንደ እናት ነው የሚይዛት። ለመውለድ ዓመታት ይቀሯታል። ኩመር ይህን አይቶ የወንዱ ቤተሰብ የመያዝ ጠባይ ከእናትነት ጠባይ የተወለደ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ። ዙከርማን ወሲብ ነው ያለውን ተቃውሞ መጥቶ፣ መልሱን እናትና ልጅ መሃል አገኘው።

የለገሃር_ልጅ፦

ግልገል አዝሎ የሚሄድ ጎረምሳ አይተናል! እናቱ ናት እንል ነበር፣ ጎፈር ጀማምሮ ስናይ ግራ ይገባን ነበር።

ጥያቄ_አለኝ፦

እሺ፣ አሁን ሰውየውን በሌላ ዓይን አየሁት። ስለ ሙከራው ያለኝ ቅሬታ ግን እንዳለ ነው። ለመሆኑ አሁን እዚያ የሚሠራ አለ? ወይስ እሱ ሲሄድ ቀረ?

መምህር_ከኮምቦልቻ፦

አልቀረም። አሜሪካዊቷ ላሪሳ ስዌደል ከ1996 ጀምሮ አዋሽ ፓርክ ሰሜን ፍልውሃ ላይ ሀማድሪያሶቹን ታጠናለች። እሷ ደግሞ ትኩረቷን ሴቶቹ ላይ አደረገች፤ አውራው የያዛቸው ቢሆንም እርስ በርሳቸው የሚወዳጁ፣ የራሳቸው ግንኙነት ያላቸው መሆኑን አሳይታለች። የኩመር ሥዕል ላይ ጎድሎ የነበረው ይህ ነበር። ከኩመር ተማሪዎችም ውስጥ ክሪስቶፍ ቦሽ አይቮሪኮስት ታይ ጫካ ገብቶ ለውዝ በድንጋይ የሚሰብሩ ቺምፓንዚዎችን ሲያጠና ዕድሜውን ጨረሰ። በእኛ በኩል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ በዱር አጥቢ እንስሳት ላይ ብዙ ተማሪዎች አፍርተዋል። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቀው መሬት ላይ ጭላዳው ዛሬም ይጠናል። ኤረር ግን ባዶ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፣ ሐረማያ ቅርብ ነው። በ1960 የተጻፈ መነሻ አለ። ዛሬ አንድ ተማሪ ሄዶ ያው ገደል ላይ ስንት እንዳደሩ ቢቆጥር፣ ስልሳ ዓመት የሚያነጻጽረው ነገር ያገኛል። ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ዕድል ያለው ተማሪ ጥቂት ነው።

ሁለተኛ_ዓመት_ባዮ፦

መምህር፣ እኔ ድሬ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ በሚቀጥለው ዓመት ነው የማስገባው። ገደሎቹን የሚያውቅ ሰው ከየት ላግኝ?

የለገሃር_ልጅ፦

@ሁለተኛ_ዓመት_ባዮ አጎቴ ኤረር ነው የሚኖሩት፣ ፍየል ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው፣ ገደሎቹን በስም ያውቋቸዋል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ስልካቸውን ጠይቄ እልክልሻለሁ። ስትሄጂ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ድረሺ፣ ከዚያ በኋላ መምጣት ይጀምራሉ። ብቻሽን አትሂጂ፣ ውኃ በደንብ ያዢ።

ገደል_ለገደል፦

እኔም የኩመርን ጽሑፎች ያሉኝን ያህል እልክልሻለሁ። እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ ጎፈር ያላቸውን ወንዶች ብቻ ቁጠሪ፣ ከሩቅም ይለያሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ስንት ሴት እንደሚከተለው መዝግቢ። ጠዋት ደግሞ ከመነሳታቸው በፊት ማን ወጥቶ ማን እንደተመለሰ ጻፊ። @ጥያቄ_አለኝ የሽማግሌዎቹን ነገር አንስተህ ነበር፤ ፈቃደኛ ከሆንክ ለአጎቱ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች አብረን እናዘጋጅ።

ጥያቄ_አለኝ፦

ፈቃደኛ ነኝ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይኸው፦ እነ ኩመር በመጡ ጊዜ መንገድ የመራቸው ማን ነበር፣ ልጆቹስ የት አሉ?